አንዲት ዛላ እሸት

ተረት ልነግራችሁ ነው። የማትፈልጉ ካላችሁ አሁኑኑ ተነሱ፤ መሐል ላይ ብድግ የሚል ሰው አልወድም። ሆዳችሁን ይዛችሁ የምትስቁበት ተረት አይደለም። ሳቅ ባይጠፋውም ዳር ዳሩን ነው። ተቀመጣችሁ? እንግዲያው ስሙ።

ከደጋው ቁልቁል፣ መንገዱ ጉልበት ከሚያንቀጠቅጥበት በታች፣ አንድ የቆላ መንደር ነበር። በዚያ መንደር እናኑ የምትባል ሴት ከባሏ እናት ከእማማ ደጊቱ ጋር ትኖር ነበር። ባሏ ዝናቡ ሁለተኛ ዓመት ሲከዳቸው ለቀን ሥራ ወደ ሰሊጥ አገር ወርዶ ወሬው ጠፍቷል። ስለዚህ ቤቱ ውስጥ የቀሩት ሁለት ሴቶችና አንዲት ፍየል ናቸው፤ ደጁ ላይ ደግሞ አንድ ማሳ ማሽላ።

ማሽላው እንደማንም ማሽላ እንዳይመስላችሁ። ነጭ ነው፣ ረጅም ነው፣ በደህናው ዘመን ሰው በበቅሎ ሆኖ ቢገባበት አይታይም። በሚያዝያ ተዘርቶ በኅዳር ይታጨዳል። እማማ ደጊቱ ከእናታቸው፣ እናታቸው ደግሞ ከእናታቸው የተቀበሉት ዘር ነው። ያ ቤት ዘሩን ንጹሕ አድርጎ በመጠበቅ አገር ያውቀዋል። በአረም ጊዜ ጎረቤት ለወንፈል ሲሰበሰብ፣ እማማ ደጊቱ ከፊት ከፊት እየሄዱ፣ ከሌላው ቀድሞ ዛላ ያወጣ አጭር ማሽላ ካዩ “ይሄ ችኩል!” ብለው ከነሥሩ ይመዙና ከአጥር ማዶ ይወረውሩታል። ማሳው ውስጥ ችኩል የተገኘበት ቤት ዘሩ ተበላሸ ተብሎ ይታማል። እናኑም ከተዳረች ጀምሮ ከኋላ ከኋላቸው እየተከተለች ያመለጣቸውን ስትነቅል ኖራለች። አማትና ምራት በብዙ ነገር ተነታርከዋል፤ በዚህ ግን አንድም ቀን ተጣልተው አያውቁም።

በዚያ ዓመት ሰማዩ የሚያዝያን ዝናብ ረሳው። በሐምሌ መጣ፣ ጥቂት ቀን ደበደበ፣ ነሐሴ ሳያልቅ ሄደ። ጥቅምት ገባ። ጥቅምት የእሸት ወር ነው፤ ማሳው ግን አገዳና ቅጠል ብቻ ሆኖ ቆመ። እማማ ደጊቱም ታመው ተኙ።

“እማማ፣ ንፍሮ ቀቅያለሁ፤ ትንሽ ይቅመሱልኝ።”

“የምን ንፍሮ ነው?”

“የርዳታው ስንዴ ነው።”

“እሸት ስጪኝ።”

“እሸት የለም እማማ። ማሽላው አላሸተም።”

“እንግዲያው አልበላም” አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ይህን ሲሉ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። የአሮጊት ጠባይ ነው ብላችሁ እንዳትስቁ። እማማ ደጊቱ ከብዙ ዘመን በፊት፣ በክፉው ዓመት፣ ትርንጎ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ነበረቻቸው። ልጅቱ በየጧቱ “እማዬ፣ እሸቱ ደረሰ?” ትላቸዋለች። እሳቸውም “ነገ ይደርሳል” ይሏታል። አንድ ጧት መጠየቋን ተወች። እሸቱ የደረሰው ከተቀበረች ከሃያ ቀን በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ፣ ከእሸቱ የመጀመሪያዋን ፍሬ መቃብሯ ላይ ሳያኖሩ አፋቸው አድርገው አያውቁም።

“ወደ ትርንጎ ልሄድ ነው” አሉ ወደ ግድግዳው እንደዞሩ። “ገና ስታየኝ የምትጠይቀኝ ያንኑ ነው። ‘እማዬ፣ እሸቱ ደረሰ?’ ስትለኝ ምን እላታለሁ? ጣዕሙ እንኳ አፌ ላይ ይኑር፣ ልጄ።”

እናኑ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ወጣች። አንዲት ዛላ እሸት ብቻ ነበር የፈለገችው፤ ሌላ ምንም አልፈለገችም።

መጀመሪያ ማሳው ውስጥ ገባች። “ማሽላዬ” አለች፣ “እማማ አልበላም ብለዋል። እባክህ አንዲት ዛላ አሽትልኝ፤ እማማም ይቅመሱ።”

ማሽላው ቅጠሉን እንደ ምንጣፍ ጠቅልሎ ቆሟል። “አላሽትም” አለ። “እኔ እስከ ኅዳር ውሃ የምፈልግ ዘር ነኝ፤ ውሃው በነሐሴ ሄደብኝ። ፀሐይ እንዳትጨርሰኝ ቅጠሌን መጠቅለል ተምሬያለሁ። ትንፋሼን ውጬ መቆም እችላለሁ፤ ፍሬ መያዝ ግን ከአቅሜ በላይ ነው። ወንዙ ያጠጣኝና ያኔ እንነጋገር።”

እማማ አልበላም አሉ፤ ማሽላው አላሽትም አለ። እናኑ ወደ ወንዙ ወረደች።

ወንዙ አሸዋ ሆኗል። ተንበርክካ በእጇ ቆፈረች፤ እስከ ክንዷ ስትደርስ እርጥበት አገኘች። አፏን ወደ ጉድጓዱ አስጠግታ ተጣራች። “አያ ወንዝ! እማማ አልበላም ብለዋል፤ ማሽላው አላሽትም ብሏል። እባክህ ውጣና ማሽላውን አጠጣው፤ ማሽላው ያሽት፤ እማማም ይቅመሱ።”

ከሥር ድምፅ መጣ። “አልወጣም” አለ ወንዙ። “ላይ ላዩን ስሄድ ፀሐይ ጠጥታ ልትጨርሰኝ ነበር። አሁን በአሸዋው ሥር መሄድ ለመድኩ። ጨለማ ነው፣ ጠባብ ነው፣ ግን እኖራለሁ። ደግሞስ በምን ጉልበቴ ልውጣ? የተረፈችኝን ጭላጭ ግራሩ ይመጥጣታል። እሱ ይልቀቀኝ።”

እማማ አልበላም አሉ፤ ማሽላው አላሽትም አለ፤ ወንዙ አልወጣም አለ። እናኑ ጉልበቷ ላይ የተጣበቀውን አሸዋ አራግፋ ወደ ግራሩ ሄደች።

ግራሩ አዛውንት ነው። እናኑ ሙሽራ ሆና ስትመጣ ያረፈችው ከሥሩ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ጥላው መንደር ያስጠልል ነበር። አሁን የቀረው እሾህ በእሾህ ነው። “አያ ግራር” አለች፣ “እማማ አልበላም ብለዋል፤ ማሽላው አላሽትም ብሏል፤ ወንዙ አልወጣም ብሏል። እባክህ ወንዙን ልቀቀው፤ ወንዙ ማሽላውን ያጠጣ፤ ማሽላው ያሽት፤ እማማም ይቅመሱ።”

“አልለቅም” አለ ግራሩ። “ሥሬን እስከ አለቱ ድረስ ያወረድኩት ለጨዋታ መሰለሽ? ቅጠሌን አሳነስኩ፣ እሾሄን አስረዘምኩ፣ አበባዬን ከተውኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ይህም ሆኖ ፍየልሽ ያወጣሁትን ቅጠል ሁሉ ትለቅመዋለች። እሷ ስትበላ እኔ እተካለሁ፣ ለመተካት ደግሞ እጠጣለሁ። ፍየልሽ ትተወኝ፣ እኔም ወንዙን እተዋለሁ።”

እማማ አልበላም አሉ፤ ማሽላው አላሽትም አለ፤ ወንዙ አልወጣም አለ፤ ግራሩ አልለቅም አለ። ፍየሊቱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም። እዚያው ግራሩ ላይ፣ በሁለት እግሯ ቆማ፣ አንገቷን እሾሁ መሐል ሰዳ ታኝካለች።

“አንቺ!” አለች እናኑ። ፍየልን በልምምጥ ማናገር አልለመደባትም። ግን ልመና ላይ ነችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “እማማ አልበላም ብለዋል፤ ማሽላው አላሽትም ብሏል፤ ወንዙ አልወጣም ብሏል፤ ግራሩ አልለቅም ብሏል። ግራሩን ተይው፤ ግራሩ ወንዙን ይልቀቅ፤ ወንዙ ማሽላውን ያጠጣ፤ ማሽላው ያሽት፤ እማማም ይቅመሱ።”

“አልተውም” አለች ፍየሊቱ፣ ማኘኳን ሳታቋርጥ። “እዚህ ሜዳ ላይ ላሞች ነበሩሽ። ሣሩ ሲያልቅ ሸጠሻቸው እኔን አመጣሽ። በሁለት እግር መቆም ማን አስተማረኝ? ረሃብ። ምላሴን እሾህ ለይቶ እንዲያልፍ ማን አስተማረው? ረሃብ። እዚህ አገር ኑሮውን ያልቀየረ የለም፣ እመቤቴ። ያልቀየረ ቢኖር አንቺ ነሽ። ሣሩ ይብቀልልኝ፣ ግራሩን እተወዋለሁ።”

እናኑ በዚህ ንግግር ተናደደች። ድንጋይ አንስታ ነበር፤ ጣለችው። ፍየሊቱ የተናገረችው ነገር ሆዷ ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ፤ ምን ማለቷ እንደሆነ ግን አልገባትም። እኔ ብሆን እዚህ ጋ ቤቴ ተመልሼ እተኛ ነበር። እሷ ግን ቤት ብትመለስ የሚጠብቃት ወደ ግድግዳ የዞረ ጀርባ ነው።

እማማ አልበላም አሉ፤ ማሽላው አላሽትም አለ፤ ወንዙ አልወጣም አለ፤ ግራሩ አልለቅም አለ፤ ፍየሏ አልተውም አለች። እናኑ ላሞቿ ይግጡበት ወደነበረው ሜዳ ሄደች። ሣር የለም። የተሰነጠቀ መሬት ነው። በደረቷ ተኛችና አፏን ስንጥቁ ላይ አደረገች። የአካባቢው ሰው ቢያያት አበደች ይል ነበር፤ እሷም ያን ያህል የቀራት አይመስላትም።

“ሣርዬ፣ እዚያ ውስጥ አለህ? እማማ አልበላም ብለዋል፤ ማሽላው አላሽትም ብሏል፤ ወንዙ አልወጣም ብሏል፤ ግራሩ አልለቅም ብሏል፤ ፍየሏ አልተውም ብላለች። እባክህ ንቃ! ፍየሏ አንተን ትብላ፤ ግራሩን ትተወው፤ ግራሩ ወንዙን ይልቀቅ፤ ወንዙ ማሽላውን ያጠጣ፤ ማሽላው ያሽት፤ እማማም ይቅመሱ።”

“አልነቃም” አለ ከአፈሩ ውስጥ የሣሩ ዘር፣ እንቅልፍ በያዘው ድምፅ። “ዱሮ የመጀመሪያዋ ካፊያ ስትወርድ ሁላችንም ብድግ እንል ነበር። አንድ ዓመት ካፊያዋ አታለለችን፤ የነቃው ሁሉ ተቃጠለ። የተረፍነው እንቅልፋችን የከበደው ነን። ሁለት ዝናብ፣ ሦስት ዝናብ ካልቀሰቀሰን አንነሳም። ፈጥነው ከሚነቁት ያልተቃጠሉትን ወንድሞቼን ደግሞ ጉንዳን ለቅማ ጎተራዋ ከተተቻቸው። እነሱን ታምጣልኝ፤ እነሱ ከነቁ ሜዳው ይለብሳል።”

እናኑ ተነስታ ተቀመጠች። ግንባሯ ላይ አፈር ተለጥፏል። እዚያ ሜዳ ላይ አለቀሰች። ለማሽላው አይደለም ያለቀሰችው፤ ለባሏም አይደለም። የሄደችበት ሁሉ እውነቱን ስለነገራት ነው። አንዱ እንኳ በክፋት እምቢ ቢላት ትጣላው ነበር። ሁሉም ነፍሱን ይዞ ነው፤ ሁሉም በመከራ የተማረውን እንደያዘ ነው። ከማን ጋር ትጣላ? “ልሙት” አለች ድምፅዋን አውጥታ። የሰማት የለም።

እማማ አልበላም አሉ፤ ማሽላው አላሽትም አለ፤ ወንዙ አልወጣም አለ፤ ግራሩ አልለቅም አለ፤ ፍየሏ አልተውም አለች፤ ሣሩ አልነቃም አለ። ስንቴ ትደግሚዋለሽ ትሉኝ ይሆናል። እሷ በእግሯ ስትዞረው እኔ በአፌ ብደግመው ምን አለበት?

እንባዋን ስትጠርግ እግሯ አጠገብ የጉንዳን ሰልፍ አየች። ጎንበስ አለች። “እሜቴ ጉንዳን፣ እባክሽ ቁሚልኝ። እማማ አልበላም ብለዋል፤ ማሽላው አላሽትም ብሏል፤ ወንዙ አልወጣም ብሏል፤ ግራሩ አልለቅም ብሏል፤ ፍየሏ አልተውም ብላለች፤ ሣሩ አልነቃም ብሏል። የሣሩን ዘር መልሺ፤ ሣሩ ይንቃ፤ ፍየሏ እሱን ትብላ፤ ግራሩን ትተወው፤ ግራሩ ወንዙን ይልቀቅ፤ ወንዙ ማሽላውን ያጠጣ፤ ማሽላው ያሽት፤ እማማም ይቅመሱ።”

“አልቆምም” አለች ጉንዳኗ። “የሣር ዘር አምና ነው ያለቀው፤ በልተነዋል። የሚመለስ ነገር የለኝም። ሥራ ላይ ነኝ፣ ዞር በይልኝ።”

“ሣር ከሌለ ምንድን ነው የተሸከምሽው?”

ጉንዳኗ ጉዞዋን ቀጠለች። እናኑ ዓይኗን አስጠግታ አየች። ጉንዳኗ የያዘችው ፍሬ ነው። በጥፍሯ ጫፍ አንስታ ጨመቀችው፤ ነጭ ወተት ወጣው። የማሽላ እሸት ነው።

“ከየት አመጣሽው?” ብላ ጮኸች እናኑ።

“ከአንቺው” አለች ጉንዳኗ። “አሁን ፍሬዬን መልሺ።”

እናኑ ፍሬዋን መለሰችላትና ሰልፉን ወደመጣበት ተከተለችው። በሜዳው አለፈ፤ ሣሩ አልነቃም። በግራሩ ሥር አለፈ፤ ፍየሏ ቀና ብላ አላየቻትም። ወንዙን ተሻገረ፤ አሸዋው እግሯን አቃጠላት። ወደ ራሷ ቤት ወጣ፣ በራሷ ማሳ ጎን አለፈ፤ ጥቅልል ቅጠሉ አልተነቃነቀም። ከአጥሩ ማዶ፣ በየዓመቱ የተነቀለው ሁሉ የሚወረወርበት ጥራጊ ላይ ደረሰና ቆመ።

እዚያ፣ ከእሾሁና ከድንጋዩ መሐል፣ ከጉልበቷ የማይበልጥ ማሽላ ቆሟል። አንድ ሁለት አይደለም፤ ጥራጊውን ሞልቶታል። ዛላው ትንሽ ነው፣ ቀለሙም ቀላ ይላል። ግን አሽቷል። ማንም አልዘራውም። የተነቀለው ችኩል እየወደቀበት ፍሬውን እየጣለ፣ ከዓመት ዓመት በቅሏል። በዚያች በሐምሌዋ ዝናብ ተነስቶ፣ በነሐሴ ዛላ አውጥቶ፣ ውሃው ሲሄድ የቀረው ፍሬውን መሙላት ብቻ ነበር።

እናኑ ደስ ያላት መስሏችኋል? ጥራጊው ዳር ቁጭ አለች። ስንት ዓመት በገዛ እጇ እንደነቀለችው ልታስብ ጀመረችና አቆመች። አንዲት ዛላ ብቻ ቆረጠች፤ ሌላውን አልነካችም። ቤት ገብታ ፍም ላይ ለብለብ አደረገችው፣ በመዳፏ ፈተገችው፣ ገለባውን እፍ አለችው።

“እማማ፣ እሸት አምጥቻለሁ።”

አሮጊቷ ቀስ ብለው ዞሩ። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ አፍንጫቸው ግን አልደከመም። ሽታው ሲደርሳቸው ቀና ለማለት ሞከሩ። “ከየት አገኘሽ?”

“ከእኛው።”

“ከነጩ ነው? ነጩ አሸተ?”

እናኑ መዋሸት ትችል ነበር። አዎ ብትል አሮጊቷ በደስታ ቀምሰው ይሄዱ ነበር፤ እኔም ተረቱን እዚህ ላይ አሳምሬ እጨርሰው ነበር። ግን ቀኑን ሙሉ እውነት ብቻ ስትሰማ ውላለች፤ ውሸቱ ከአፏ አልወጣ አለ። “አይደለም እማማ። ነጩ አላሸተም። ከአጥር ማዶ ነው። ከችኩሉ ነው።”

እናኑ አልበላም ይላሉ ብላ ፈራች። እማማ ደጊቱ ግን አፋቸውን ከፈቱ። ሦስት ፍሬ አኖረችላቸው። ጥርስ በሌለው ድዳቸው ለረጅም ጊዜ አኘኩት፤ ዋጡት።

“እሸት ነው” አሉ።

“አዎ እማማ።”

“ችኩሉን በክፉውም ዓመት ነቅዬዋለሁ። በነሐሴ። ዛላው ወተት ይዞ ነበር። ልጄ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ስነቅል ታየኛለች።” እንባቸው በጆሯቸው በኩል ወረደ። “ነገ ይደርሳል እላት ነበር። ደርሶ ነበር፣ እናኑ። ያኔም ደርሶ ነበር። እኔ ነኝ የወረወርኩት።”

እናኑ እጃቸውን ያዘች።

“አሁን ስትጠይቀኝ የምላትን አውቄያለሁ” አሉ እማማ ደጊቱ። “አንዷን ፍሬ አድርሺላት። አንቺም ቅመሺ። እዚያ የቆሙትን ግን እንዳትነኪያቸው፤ ይድረቁ። ዘር ናቸው።” ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ልጃቸው ሄዱ።

እማማ ቀመሱ። ማሽላው ግን አላሸተም፤ ወንዙ አልወጣም፤ ግራሩ አልለቀቀም፤ ፍየሏ አልተወችም፤ ሣሩ አልነቃም፤ ጉንዳኗ አልቆመችም። እናኑ ከእናት ወደ እናት የመጣውን ነጩን ዛላ ለዘር ከምድጃው በላይ፣ ጭሱ ውስጥ ከተሰቀለበት አወረደችው። በቦታው፣ ከአጥር ማዶ ከደረቁት አንዷን ትንሽ ቀይ ዛላ ሰቀለች።

በሚቀጥለው ዓመት ዝናቡ በሐምሌ መጣ፤ እናኑ ቀዩን ዘራች። ጎረቤት ለወንፈል ተሰበሰበ፤ ከፊት የሚሄዱት ሴትዮ ግን የሉም። እናኑ እያረመች ስትሄድ፣ እጇ ከለመደው የተነሳ፣ ሳታስበው ቀድሞ ዛላ ያወጣ አንድ አጭር ማሽላ ጨብጦ መዞት ነበር። ሥሩ ግማሹ ወጥቷል። ሰው ሁሉ እያያት ተንበረከከች፣ መልሳ ተከለችው፣ አፈሩን በሁለት እጇ ደልድላ እስኪጸና ድረስ አቅፋው ቆየች።

ተረቴ ይህ ነው። ለአፌ ዳቦ አልጠይቃችሁም። ከዚያች ዛላ አንድ ፍሬ ካላችሁ ግን ስጡኝ፤ መቃብሯ ላይ የማኖርላት ልጅ አለች።